ሱሉልታ ገብቼ ሰው አጣሁ፤ ጸሎቴም ደረቀ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 37 ነው። ተወልጄ ያደግሁትም፣ ያገባሁትም ቀጨኔ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ ከሱሉልታ አለፍ ብሎ በገዛው ቦታ ላይ ቤት ሠራንና ከኪራይ ወጣን። ሦስት የሚታለቡ ላሞች አሉን። እሱ ሥራው መሐል ከተማ ስለሆነ ልጃችንን ይዞ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ሲመለሱ መሽቷል። እኔ ቀኑን ሙሉ ከላሞቹና ከአንድ ሠራተኛ ልጅ ጋር ነኝ።

ጎረቤቶቻችን ገበሬዎች ናቸው፤ እርስ በርስ የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው። ክፉ አልሆኑብኝም። ሰላም ይሉኛል፣ ከዚያ ግን አያልፍም። ቀጨኔ እያለሁ ቡና ብቻዬን ጠጥቼ አላውቅም፤ እዚህ ጀበና ካነሳሁ ወራት አልፎኛል። እሑድ እሑድ ሁለት ታክሲ ይዤ ቀጨኔ መድኃኔዓለም እሄዳለሁ፤ ላሞቹን አልቤ ስደርስ ቅዳሴው ተጋምሷል። እዚያም ቢሆን የማውቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከሰፈሩ ስለተነሱ እንግዳ እየሆንኩ ነው። እዚህ ቅርባችን ያለው ሚካኤል ነው። ሦስት አራቴ ሄጄ ጥግ ይዤ አስቀድሼ ተመለስኩ፤ ማንም አላናገረኝም።

የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ድሮ ዳዊት ሳልደግም ከቤት አልወጣም ነበር። አሁን እከፍተዋለሁ፣ ቃሉ ወደ ውስጥ አይገባም፣ እዘጋዋለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት እነቃና ጣሪያ አያለሁ። ለባለቤቴ «ኪራይም ቢሆን እንመለስ» ስለው «ስንቱ የሚመኘውን ቤት!» ይለኛል። ምን ብበድል ነው እግዚአብሔር እንዲህ የራቀኝ? ልመለስ ወይስ ልቻለው?

ከሱሉልታ

ውድ እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፤ «ምን ብበድል ነው» ካልሽው። በጻፍሽው ሁሉ ውስጥ በደል አላገኘሁም። ያገኘሁት ከማለዳ እስከ ምሽት የሚያወራት ሰው የሌላትን ሴት ነው። ቀጨኔ ዳዊትሽን ስትደግሚ ብቻሽን የነበርሽ ይመስልሻል እንጂ አልነበርሽም። ደወሉ ይሰማሻል፤ ጎረቤትሽ ነጠላዋን እያጣፋች «አትነሺም እንዴ?» ትልሻለች፤ የንስሐ አባትሽ መንገድ ላይ መስቀል ያሳልሙሻል፤ የወሩ ጽዋ ማን ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያ ሁሉ እዚያው ቀርቶ አንቺና መጽሐፉ ብቻ ሱሉልታ ገባችሁ። ስለዚህ ሰው ማጣትሽንና የጸሎትሽን መድረቅ ለያይቼ አላያቸውም።

ሌሊት 9 ሰዓት መንቃትሽን ግን ለብቻው ልጠይቅሽ። ከነቃሽ በኋላ እንቅልፍ ተመልሶ ይወስድሻል ወይስ እስኪነጋ እንደዚያው ነሽ? ምግብ እንደ ድሮው ይበላልሻል? ልጅሽ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደስ ይልሻል ወይስ እሱም ሸክም ሆኖብሻል? ሐዘኑ ወይም ነገር ሁሉ ማስጠላቱ ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን አለቅ ካለሽ፣ እንቅልፍና ምግብም ከነሳሽ፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ልክ ለእኔ እንደጻፍሽው አድርገሽ ንገሪያቸው። ድብርት ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይልኩሻል፤ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚሁ የቆመ ነው። ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ቀን ለባለቤትሽ ነግረሽ ተያይዛችሁ ሂዱ። ጠበል ለመጠመቅ ካሰብሽና መድኃኒትም ከታዘዘልሽ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪጂያቸው። ጠበል ገብቻለሁ ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ብዙ ሰው ጎድቷል።

አሁን ወደ ሚካኤል እንሂድ። ማንም አላናገረኝም ብለሻል። ቅዳሴ ላይ ማን ያናግርሻል? በገጠር አጥቢያ ሰው የሚተዋወቀው ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ካለ በኋላ ነው። አንቺ ወደ በሩ ስትሄጂ ሌላው ወደ ሰንበቴ ቤት ይገባል። የታመመው የሚጠየቀው፣ የተጣላው የሚታረቀው፣ የጠፋው በሬ የሚፋለገው እዚያ ነው። ደግሞም ሰፈሩ እሑድ ጠዋት ታክሲ ስትጠብቂ ያይሻል። ደብሯም እድሯም ሌላ ነው፣ እዚህ የምታድረው ቤቷ ስለሆነ ነው ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። እንግዳ ይከበራል፤ ነገር ግን ለእንግዳ ገመና አይነገርም፣ እንግዳም አይታዘዝም። ሰው ወገን የሚሆነው «የሚመጣው እሑድ ያንቺ ነው» የተባለ ዕለት ነው። ስለዚህ ወዳጅ ፍለጋውን ተይውና ተራ ያዢ። ወዳጁ በተራው ውስጥ ይመጣል።

እንዴት? መጀመሪያ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ሂደሽ ተመዝገቢ። የባለቤትሽን፣ የልጅሽንና የራስሽን ስም ከክርስትና ስማችሁ ጋር ይዘሽ ሂጂ፤ አስተዋጽኦውን ክፈዪና ደረሰኙን በደንብ አስቀምጪው። ክርስትናም ቀብርም ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። እዚያው ሳለሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፤ በእናንተ ሰፈር በኩል ያሉትን ቤተሰቦች የሚይዙት አባት ማን እንደሆኑ፣ የሰንበቴውስ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ማን እንደሆነ። አዲስ የንስሐ አባት ከመያዝሽ በፊት ግን ቀጨኔ ያሉትን ሄደሽ ተሰናበቻቸው። «ርቀቱ አላስቻለኝም» ብትያቸው መርቀው ይለቁሻል፤ ሳትነግሪያቸው ብትይዢ ግን ነገሩ ሲያሳክክሽ ይኖራል።

አዲሱ አባት ቤት መጥተው ጸሎት አድርሰው ጠበል ይርጩ። ንጹሕ ውኃ በማሰሮ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ አንድ ዳቦና ቡና ይበቃል። በዚያ ቀን ከአጥርሽ ወዲያ ማዶ ያሉትን ሁለት ሴቶች ብቻ ጥሪ። ድግስ እንዳታደርጊው አደራ። ከከተማ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በግ አርዶ፣ ቢራ ደርድሮ ሰፈሩን ይጠራል፣ ከዚያ ማንም ተመልሶ አይጠራውም። ንቀው አይደለም። ያንን ያህል መልሰው ማቅረብ ስለማይችሉ ያፍራሉ። ሊመልሱት በሚችሉት ልክ ስጪ።

ሰንበቴውም እንደዚሁ ነው። ሙሴውን «ተራ ስጡኝ» በያቸው፤ ምን ምን እንደሚመጣም ከእሳቸው ስሚ፣ ቦታ ለቦታ ይለያያል። በአራት ኪሎ ዱቄት የተጋገረ ድፎና አንድ ቁና የማይሞላ ንፍሮ፣ ቁራሽ ቁራሽ ሲባል ለመካከለኛ ሰንበቴ ይዳረሳል። በሱሉልታ ብርድ ሊጥ ቶሎ እንደማይነሳ እስካሁን አይተሽዋል። ስለዚህ ዓርብ ማታ አቡክተሽ ምድጃ ጥግ ጠቅልለሽ አሳድሪና ቅዳሜ ጋግሪው። ጠላ ከተጠየቅሽ ጥንስሱ ከቀጨኔው የበለጠ ቀን ይፈልጋል፤ ተራሽ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ጀምሪ። ወይም፣ እኔ እንደሚሻል የማስበው፣ ጎረቤትሽን «የዚህን አገር አጠማመቅ አሳዪኝ» በያት። በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን ቤትሽ ትውላለች።

ላሞቹን አልረሳሁም። እሑድ ብቻ አለባውን ማርፈድ አይሆንም፤ ጡቱ ተወጥሮ ወተቱ ይቀንሳል፣ ለጡት በሽታም ይዳርጋል። በየቀኑ 15 ደቂቃ እያስቀደምሽ ብትመጪ በስምንት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዓት ታተርፊያለሽ። የማታውንም በዚያው ልክ አስቀድሚው፣ መሐሉ 12 ሰዓት ያህል እንዲሆን። ካልሆነ ሠራተኛው ልጅ ይለብ፤ ግን ላም አዲስ እጅ ስለማትወድ መጀመሪያ አንድ ሳምንት ከጎንሽ ሆኖ ይለማመድ። ደግሞ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት ነው። በጾም ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር ቅዳሴ የሚገባው ቀን ላይ ስለሆነ ከአለባሽ ጋር አይጋጭም። ታኅሣሥ 12 በአዘቦት ቀን ከዋለ ላሞቹን አልበሽ፣ ቤትሽን ጠርገሽ፣ ሳትጣደፊ ትደርሻለሽ።

ከዚያ በፊት ግን ኅዳር 12 አለ፤ የአጥቢያችሁ ንግሥ። አሁን ጥቅምት ላይ ስለሆንን ጊዜ አለሽ። ከንግሡ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ሰንበቴ ቤት ግቢና «ለሚካኤል ምን ጎደለ?» ብለሽ ጠይቂ። ገንዘብ አውጥቶ መስጠት ይቀልሻል፤ እሱን ትንሽ አቆዪው። ውኃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ ለካህናቱ ማቅረብ፣ ዕቃ ማጠብ ውስጥ ግቢ። ዕቃ አብረሽ ያጠብሻት ሴት በማግሥቱ መንገድ ላይ ስታገኝሽ በስምሽ ትጠራሻለች።

ስለ ቋንቋው ደግሞ ልንገርሽ። ጎረቤቶችሽ አማርኛ ሳይሰሙ አይቀሩም፤ ቢሆንም ሁልጊዜ እነሱ ወዳንቺ መምጣት የለባቸውም። በሰላምታ ጀምሪ። ጠዋት ለእኩያሽ «አካም ቡልቴ»፣ ለታላቅሽ «አካም ቡልተን»፤ ከሰዓት በኋላ «አካም ኦልቴ»፣ ለታላቅ «አካም ኦልተን»። መልሱ «ናጋ» ነው። ስታመሰግኚ «ገለቶማ» በይ። እንደ አማርኛው ሁሉ ኦሮምኛም አክብሮቱን በብዙ ቁጥር ስለሚያሳይ ሽማግሌን «ቡልቴ» ብትይ ለሽማግሌ «አንተ» እንደማለት ነው። አነጋገርሽ ቢያስቃቸው አብረሽ ሳቂ። ከዚያ ጀበናውን አውርጂና አንድ ቀን ከሰዓት በአጥሩ በኩል «ኮታ፣ ቡነ ዱጋ» በይ፤ ኑ ቡና ጠጡ ማለት ነው። ቀኑን ቁረጪለት፤ ለምሳሌ ሁልጊዜ ማክሰኞ ከአለባ በፊት። አንዴ የተጠራ ቡና ተረስቶ ይቀራል፣ ቀን ያለው ቡና ግን ሰው ራሱ ይመጣበታል። ልጅሽን ቅዳሜ ከጎረቤት ልጆች ጋር ልቀቂው፤ በገና ካንቺ የተሻለ ኦሮምኛ ይናገራል።

አንድ የማይመች ነገርም ላንሳ። በአዲስ አበባ ዙሪያ መሬት ከገበሬ እጅ ወደ ከተሜ እጅ የሄደበት መንገድ ብዙ ቅሬታ ያለበት ነው። ቤታችሁ ያረፈበት መሬት ቀድሞ የማን እንደነበር ታውቂያለሽ? ያ ቤተሰብ ዛሬም በአቅራቢያሽ ይኖር ይሆናል። ሰላምታቸው ከሰላምታ አላልፍ ያለው አንቺን ጠልተው ሳይሆን ይህን አስታውሰው ሊሆን ይችላል። ይህን በምክርም በስጦታም አትፈቺውም፤ ግን አውቀሽው መኖር ትችያለሽ። የላሞችሽን ድርቆሽ ከነጋዴ ከመግዛት ከእነሱ ግዢ፤ አሁን የሣር አጨዳ ወቅት ስለሆነ ዋጋውም ደህና ነው። እህል ለመሰብሰብ ደቦ ወይም ጅጊ ሲወጡ ቆሎና ዳቦ፣ ካለም ጠላ ይዘሽ ማሳው ድረስ ውረጂ። ከቻልሽ ጥቂት ነዶ ተሸከሚ።

ጾሙ ሲገባ ወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ እናንተም ጋ ሳይደርስ አይቀርም። የተረፈውን ናጪው፤ ከሃያ ሊትር ገደማ አንድ ኪሎ ቅቤ ይወጣል፣ ለገናም ዋጋ አለው። አሬራውን ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ጎረቤቶች ላኪ። በአካባቢሽ የፕሮቴስታንት ወይም የሙስሊም ቤተሰብ ካለ በእናንተ ጾም አይያዙምና ለእነሱም። ዕቃሽ ባዶውን አይመለስም፤ እንቁላል ወይም ጎመን ይዞ ይመጣል። ሳትግደረደሪ ተቀበዪ።

እድር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው አዲስ ነዋሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። በቤተሰብ እድር የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ ባል ነው፤ ያንቺ ባል ደግሞ ቀን የለም። ከፍሎ ይሄዳል፣ አንቺን የሚያውቅሽ የለም። ስለዚህ የሴቶች እድር ካለ በራስሽ ስም ግቢ። መግቢያው ከወርኃዊው ብዙ እጥፍ ቢሆን አትደንግጪ። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ወንበሩ ቀደም ብለው የገቡት ያዋጡበት ስለሆነ የድርሻሽን ነው የሚጠይቁሽ። ተከፋፍሎ ይከፈል እንደሆነ ጠይቂ። ከገባሽ ከስንት ወር በኋላ መብት እንደሚጀምር፣ ስብሰባ የቀረና ልቅሶ ያልደረሰ ስንት እንደሚቀጣ ከደንቡ አንብቢ ወይም አስነብቢ። የመጀመሪያው ልቅሶ ሲመጣ ብቻሽን አትሂጂ፣ ከጎረቤት ጋር ተያይዘሽ ሂጂ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ልበሺ፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለሽ ተቀመጪ፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተሽ እጅጌሽን ሰብስቢ። ቋንቋ የሚያንሳት ሴት እንኳ በዚያ ጓዳ ውስጥ ሥራ አታጣም።

ጸሎቱስ? ቀንሺው። ዳዊትን እንደ ቀድሞው ለመድገም እየታገልሽ በየቀኑ ተሸንፈሽ መጽሐፉን መዝጋት ልብሽን እየሰበረው ነው። አንድ ንጉሥ ማለት አሥር መዝሙር ነው፤ ለጊዜው አሥሩን ተይና አንዷን ብቻ ቆመሽ ድምፅሽን አውጥተሽ በይ። በዓይን ብቻ የሚነበብ ጸሎት ለደከመ ሰው ቶሎ ይበተናል። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ከማታ አለባ በኋላ አድርጊው፤ ሰዓቱን ላሞቹ ያስታውሱሻል። ሌሊት 9 ሰዓት ስትነቂ ስልክ አትክፈቺ። «አቡነ ዘበሰማያት» ብለሽ፣ ሰፈሩ ውስጥ የምታውቂያቸውን ሰዎች አንድ በአንድ በስም አንሺ። አሁን ሁለት ሦስት ስም ይሆናል፤ የገና ሰሞን ስንት እንደደረሰ እይው። ምን ያህል ይበቃሻል የሚለውን ግን እኔ ሳልሆን አዲሱ አባትሽ ይወስኑልሽ፤ የደረቀብሽንም ሳትሸሽጊ ንገሪያቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራቸው የመጀመሪያቸው አይሆንም።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ «ስንቱ የሚመኘውን ቤት» ሲልሽ ምናልባት የሚሰማው «የሠራኸው ከንቱ ነው» ስትዪው ይሆናል። ልመለስ አልመለስ የሚለውን ክርክር አሁን አታንሺው። ይልቅ ይህን ጠይቂው፤ በወር አንድ እሑድ ከሰንበቴ እስከ እድር ስብሰባ አብሮሽ እንዲውል፣ እስከ ፋሲካም ቀጨኔ የምትሄጂው በወር አንዴ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ቀጨኔን ጨርሰሽ ተይ አላልኩሽም። ግን በየሳምንቱ እየሄድሽ እዚህ ሥር መስደድ አይቻልም። ፋሲካ አልፎ ዳግም ትንሣኤ ሲመጣ ቁጭ በሉና ተያዩ። ተራ ይዘሽ፣ እድር ገብተሽ፣ ስትታመሚ በርሽን የምታንኳኳ አንዲት ሴት እንኳ ካልተገኘች፣ ወይም እንቅልፉ ታክመሽም ካልተስተካከለ፣ መመለስ ሽንፈት አይደለም። ቤቱን አከራይታችሁ ወደ አዲሱ ገበያ በኩል መውረድ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ባለቤትሽ ሞክረሽ እንደሆነ ያውቃል።

የቀጨኔውን እድር ግን እስከዚያው አታቋርጪ። የአዲሱ መብት እስኪጀምር በሁለቱም ክፈዪ፤ ደረሰኞቹንም ባለቤትሽ የሚያውቀው ቦታ አስቀምጪያቸው።